ለዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የሚታመን ፓወር ሰፕላይ እንዴት ይመረጣል?

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር የሚያስገጥም ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን በፕሮሰሰሩ፣ በራሙና በግራፊክስ ካርዱ ላይ ካዋለ በኋላ ፓወር ሰፕላዩን በተረፈው ብር ይገዛል፤ አለዚያም ከኬዙ ጋር ተገጥሞ የመጣውን ይዞ ይቀጥላል። ደካማ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው የሚጎዳው ኮምፒዩተሩ በመዘግየቱ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላይ ግን ከሶኬት የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለሁሉም ክፍሎች የሚያከፋፍል በመሆኑ፣ ጥራት የሌለው ሲበላሽ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን አብሮ ሊያቃጥል ይችላል። በተለይ መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት አካባቢ፣ ምርጫው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ከማንበብ ያለፈ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የፓወር ሰፕላይ ሥራ 220 ቮልት የሆነውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ወደሆኑ ቀጥተኛ መስመሮች መለወጥ ነው። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድ፣ የኬዝና የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ባወጣበት ጊዜ አብዛኛው ጭነት የሚያርፈው በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ የሚስበው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ስለዚህ የአንድ ፓወር ሰፕላይ እውነተኛ አቅም የሚታወቀው ይህ መስመር ብቻውን ስንት ዋት መስጠት እንደሚችል ሲታይ ነው።

ይህን ለማወቅ ካርቶኑን ትተው በራሱ በዕቃው ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። በሠንጠረዡ ውስጥ በእያንዳንዱ ቮልቴጅ ሥር የአምፔር ቁጥር ይገኛል፤ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 ሲያባዙት የሚያገኙት ዋት ነው። ለምሳሌ በትልቁ 500 ዋት የተጻፈበት ዕቃ በ12 ቮልት ሥር 18 አምፔር ብቻ ካለው፣ ለፕሮሰሰሩና ለግራፊክስ ካርዱ ሊሰጥ የሚችለው 216 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው ቁጥር ዘመናዊ ኮምፒዩተር እምብዛም ከማይነካቸው መስመሮች ተደምሮ የመጣ ወይም እንዲሁ የታተመ ነው። በአንጻሩ በደንብ የተሠራ ባለ 500 ዋት በ12 ቮልቱ ላይ 38 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጽፋል። አንዳንዱ ሠንጠረዥ 12 ቮልቱን በሁለት ከፍሎ ያሳያል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱን አምፔሮች ደምሮ መውሰድ ስህተት ላይ ይጥላል፤ ከሥራቸው በአንድነት የተጻፈውን የዋት ጣሪያ መመልከት ያስፈልጋል። ሠንጠረዥ የሌለውን ወይም የአምፔር ቁጥር ያልተጻፈበትን ዕቃ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ ባይገዙት ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምን ያህል ዋት ይበቃል የሚለው ነው። ለቢሮ ሥራ የሚውልና የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ስለሚጠቀም፣ ሐቀኛ የሆነ ባለ 300 ዋት ይበቃዋል። ለጌም ወይም ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የተገጠመን ብንወስድ፣ ኮር አይ5 12400 ፕሮሰሰር በከፍተኛ ጭነት እስከ 117 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 170 ዋት ይወስዳሉ፤ ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለፋኖች 60 ዋት ገደማ ሲጨመር 350 ዋት አካባቢ ይደርሳል። ግራፊክስ ካርዶች ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ቅጽበት ከመደበኛ ፍጆታቸው በላይ ዘለው የሚስቡበት ጊዜ ስላለ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር የካርዱን ቺፕ የሚሠራው ኤንቪዲያ ራሱ 550 ዋት ይመክራል፤ ከዚያ አልፎ 850 ዋት መግዛት ግን ወደፊት ትልቅ ካርድ ለማስገባት ካላሰቡ በቀር ትርፉ ወጪ ነው። በእኔ እምነት ስሙ በማይታወቅ ባለ 700 ዋትና በታማኝ ባለ 450 ዋት መካከል የሚያመነታ ሰው ያለ ብዙ ሐሳብ ሁለተኛውን መውሰድ አለበት።

ብዙ ገዢዎች የጥራት ማረጋገጫ አድርገው የሚያዩት 80 ፕላስ የተባለውን ምልክት ነው። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ የሚሄደው ይህ ደረጃ የሚለካው ከሶኬት ከተሳበው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉ ሳይባክን ለኮምፒዩተሩ እንደሚደርስ ነው። ነሐስ በግማሽ ጭነት 85 በመቶ፣ ወርቅ ደግሞ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያደርሳሉ። ኮምፒዩተሩ 300 ዋት ሲጠቀም ልዩነቱ 20 ዋት ገደማ ነው፤ በቀን አራት ሰዓት ለሚሠራ ሰው በዓመት 30 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ይህ ምልክት ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ አደጋ ሲመጣ በጊዜ ራሱን ያጥፋ አያጥፋ አይናገርም። ሆኖም ነሐስና ከዚያ በላይ ለማግኘት የተሻለ የውስጥ አሠራር ስለሚያስፈልግ፣ ምልክቱ ፎርጅድ እስካልሆነ ድረስ መነሻ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ላለ ገዢ ከወርቅ ምልክቱ ይልቅ የሚበልጠው ዕቃው የሚቀበለው የቮልቴጅ ስፋት ነው ብዬ አምናለሁ። በሠንጠረዡ አናት ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ የተባለው፣ ከሶኬት የሚሳበውን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክል አሠራር ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ ምሽት ላይ ቮልቴጁ ወደ 160 ወይም 150 ቢወርድ እንኳ ሳይደናገጥ ይሠራል። ከ200 እስከ 240 ብቻ የሚል የተጻፈበት ግን በዚያው ሰዓት ኮምፒዩተሩን ድንገት ሊያጠፋው ይችላል። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ከአቅማቸው በላይ ቮልቴጅ ስለሚያርፍባቸው እየጮኹ ይፈነዳሉ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ኮምፒዩተር የሚቀበል ሰው ከመሰካቱ በፊት ይህን ማብሪያና ሠንጠረዡን ማየት አለበት። አብሮ የመጣው የአሜሪካ ኬብልም ብዙ ጊዜ 125 ቮልት ብቻ እንደሚችል በላዩ ላይ ስለሚጻፍ፣ በሶኬት መለወጫ ከመጠቀም ለ250 ቮልት የተሠራ ኬብል መግዛት ይመረጣል።

መብራት ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ሲመለስ አንዱ ኮምፒዩተር ሥራውን ሲቀጥል ሌላው የሚጠፋው፣ ፓወር ሰፕላዩ በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል የሚቆይበት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። በኤቲኤክስ መመሪያ ለረጅም ጊዜ የቆየው ልክ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። አብዛኛው የቤትና የቢሮ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ስለሚወስድበት፣ በርካሽ ፓወር ሰፕላይ ዩፒኤስ እያለም ኮምፒዩተሩ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በዩፒኤሱ ላይ ያደርጋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ እንዲሁም በሕንፃው የኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ የሚችልበት አጋጣሚ ግን ማንኛውም ፓወር ሰፕላይ ብቻውን የሚችለው አይደለም። ለዚህ ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ የሚያቋርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ፣ ለፍሪጅ የሚሸጠውን ዓይነት መከላከያ መጠቀም ይበጃል። ሰፊ ቮልቴጅ ለሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ ስታቢላይዘር መግዛት እምብዛም አያስፈልግም።

የኮምፒዩተሩን ብረት ሲነኩ ጣት ላይ የሚሰማው ንዝረትም ብዙ ሰው ጥሩ ፓወር ሰፕላይ እንዲጥል ያደርገዋል። ንዝረቱ የሚመጣው ረብሻን ለማጣራት ከመግቢያው ላይ የተገጠሙ ትንንሽ ካፓሲተሮች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ስለሚያሳልፉና ሶኬቱ ደግሞ ያንን የሚወስድ የኧርዝ መስመር ስለሌለው ነው። መፍትሔው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ኧርዝ ማስዘርጋት ነው። ኧርዝ እያለም ንዝረቱ ከቀጠለ ግን ኧርዙ ወይም ኬብሉ በትክክል አልተያያዘም፣ አለዚያም ዕቃው ችግር አለበት ማለት ነው።

የውስጥ ጥራቱን ሳይከፍቱ ማወቅ ስለማይቻል በዝርዝር መግለጫው ላይ መመካት ግድ ይላል። ቮልቴጅ ሲበዛ፣ ሲያንስ፣ ጭነት ከልክ ሲያልፍ፣ ሾርት ሲፈጠርና ሙቀት ሲጨምር ራሱን እንደሚያጠፋ አምራቹ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ሾርትን ብቻ የሚጠቅስ መግለጫ አጠራጣሪ ነው። ካፓሲተሮቹ 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችሉ ቢሆኑ ዕድሜው ይረዝማል፤ የሥራ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የካፓሲተር ዕድሜ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። የዋስትናውን ርዝመትም ይመልከቱ፤ አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር ዓመት የሚሰጥ አምራች በዕቃው ላይ የራሱን ገንዘብ አስይዟል ማለት ነው፤ በእርግጥ ሻጩ እዚሁ አገር ካላከበረው ወረቀቱ ብዙ አይጠቅምም። በብራንዱ ስም ብቻ መወሰንም አይበቃም፤ ሲሶኒክ፣ ሱፐር ፍላወርና ኤፍኤስፒ በራሳቸው ፋብሪካ ሲያመርቱ፣ ኮርሴር ግን ከተለያዩ አምራቾች ያሠራል፤ በአንድ ብራንድ ሥርም በጣም ጥሩና መካከለኛ ሞዴሎች ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዞ ገለልተኛ ፍተሻ መፈለግ ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖችን ለገዙ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። ብዙዎቹ ሞዴሎች በተለመደው ባለ 24 ፒን ፈንታ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የራሳቸውን ማያያዣ ይጠቀማሉ፤ ቀጫጭኖቹ ኬዞችም 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለውን መደበኛውን ኤቲኤክስ አያስገቡም። መጀመሪያ የነበረውን አውጥቶ ይዞ መሄድና በሱቁ ማነጻጸር ያስፈልጋል። በአዳዲሶቹም ላይ ቢሆን የግራፊክስ ካርዱ ማያያዣ መኖሩ ይታይ፤ ባለ 6 ፒኑ 75፣ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ 150 ዋት ለማድረስ የተሠሩ ናቸው፤ ከዲስክ ኬብል ወደ 8 ፒን በሚቀይር ርካሽ መለወጫ ይህን ጭነት ማሳለፍ ኬብሉን እስከማቅለጥ ያደርሳል።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ከሱቁ ሳይወጡ ኮምፒዩተሩን ከባድ ሥራ አስጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየትና ቮልቴጁን በመልቲሜትር ማስለካት ተገቢ ነው። በኤቲኤክስ ደረጃ መሠረት የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ስለሆነ፣ 12 ቮልቱ በ11.4 እና በ12.6 መካከል፣ 5 ቮልቱም በ4.75 እና በ5.25 መካከል መሆን አለባቸው። በጭነት ጊዜ ወደ 11.4 የሚጠጋ ዕቃ ገና በአዲስነቱ እንዲህ ከሆነ ቢመልሱት ይሻላል። ቀለም ባላቸው ኬብሎች ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ነው፤ ሁሉም ጥቁር በሆኑት ላይ ግን የፒኖቹን ቦታ የሚያውቅ ባለሙያ ይለካው። ሳጥኑን ራስዎ እንዳይከፍቱት፤ ኬብሉ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ኬብሎቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከገዙ ደግሞ አብረው የመጡትን ብቻ ይጠቀሙ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አቀማመጥ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንዱ አምራች ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ የድሮው ኬብል በአዲሱ ላይ በትክክል ገብቶ ለ5 ቮልት በተሠራው የዲስክ መስመር 12 ቮልት ሊልክ ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ሲያስወጡ ኬብሎቹንም አብረው ያስወጡ፤ ቴክኒሻኑ ጊዜ ለመቆጠብ የነበረውን ኬብል ልተወው ቢልዎ አይፍቀዱለት።