ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ትልቅ ከተማ ማየትና ትዝብትን መጻፍ

«አዲስ አበባ ትልቅ ናት፤ ሕንፃው ሰማይ ይነካል፤ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።» ይህን ለመጻፍ ከመንዝ ወጥቶ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ መድከም አያስፈልግም፤ እሳት ዳር ቁጭ ተብሎም ይጻፋል። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ማስታወሻ እንዲህ ሆኖ የሚቀረው ዓይን ስለሌለው ሳይሆን መለኪያ ሳይዝ ስለሄደ ነው። «ትልቅ» ከምን? «ፈጣን» ከማን? ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው መንገድ ከመግባት በፊት ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ ወይም ደብረ ሲና፣ ብቻ የራስ ደጅ ላይ።

ቤትን መለካት

ከጉዞው ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድመው ስለ ራስዎ ከተማ አንድ ገጽ ይሙሉ። ከቤትዎ እስከ ገበያ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? አንድ ብርጭቆ ሻይና አንድ ማኪያቶ ስንት ብር ነው? በዚያች መንገድ ስንት ሰው ሰላም አለዎት? ከዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዋናው አስፋልት ዳር 15 ደቂቃ ይቁሙና የሚያልፈውን ይቁጠሩ፤ ጋቢ የደረበ ስንት፣ ጃኬት የለበሰ ስንት፣ ባጃጅ ስንት፣ ጭነት የያዘ አህያ ስንት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ከቆጠሩ የጋቢው ቁጥር ስለሚያሻቅብ ወሩን አጠገቡ ይጻፉ።

የሚከብደው ሽታው ነው። ደብረ ብርሃን ማለዳ የምትሸተው የኩበት ጭስ ነው፤ ተወልዶ ያደገባት ሰው ግን አይሸተውም። እንግዳ ከመኪና እንደወረደ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱን ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ካገኙ «መጀመሪያ ምን ሸተተህ?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን እንደተናገረው ይጻፉት። አዲስ አበባ ገብተው አፍንጫዎ የናፍጣ ጭስና የሚቆላ ቡና ሲለይ የሚያነጻጽሩበት ነገር ይኖርዎታል።

ማስታወሻ ደብተሩ ኪስ የሚገባ ይሁን። ትልቅ ደብተር ከቦርሳ እስኪወጣ የሚታየው ነገር ያልፋል፤ ደግሞም ሰው «ምን ይመዘግባል?» ብሎ ይጠራጠራል። እርሳስ ከእስክሪብቶ ይሻላል፤ ዝናብ ቢነካው አይፈስም። የግራው ገጽ ለቁጥር፣ ለስምና ለሰው አነጋገር ብቻ ይሁን፤ እሱ እዚያው ቆመው ይሞላል። የቀኙ ገጽ ለተሰማዎት ነገር ነው፤ እሱን ማታ አልጋ ላይ ሆነው ይጽፉታል። ሁለቱ ሲደባለቁ ስሜቱ ቁጥሩን ይበላዋል፤ ከሳምንት በኋላ ያዩትንና የገመቱትን መለየት ያቅታል።

መንገዱ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሳትዎ በፊት በነጋታው መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮችን ይጠይቁ፤ ወሬውን ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በማለዳ ይሳፈሩ፤ መኪናው ሞልቶ እስኪወጣ የሚጠፋውን ጊዜም ያስቡበት። አርፍዶ የወጣ ሰው አመሻሽ ላይ ይገባል፤ አመሻሽ ላይ የገባ ሰው ደግሞ ስለ ከተማው የመጀመሪያ ገጹን የሚሞላው በድካምና በፍርሃት ነው። ያ ገጽ በኋላ ቢጽፉት ቢሰርዙት አይለቅም።

መንገዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚሄድ ጠዋት ፀሐይ የምትመታው በግራ በኩል ነው። ለመመልከትና ለመጻፍ የቀኙ መቀመጫ ይመቻል፤ እስከ ሸኖ ድረስ ግን ፀሐይዋ ራሷ ትናፈቃለች፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ እያሉ ሲያልፉ የደረሱበትን ሰዓት ብቻ ይመዝግቡ። ሸኖ ላይ ቅቤ ስንት እንደሆነ ካወቁ ይጻፉት፤ ለጋ ቅቤዋ ስም ያለው ስለሆነ አዲስ አበባ ገበያ ውስጥ «የሸኖ ነው» እየተባለ በስንት እንደሚሸጥ ያያሉ፤ የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ስለ ከተማው ብዙ ይናገራል።

ከሰንዳፋ በኋላ ስልክዎን ኪስ ይክተቱና አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ ከተማው የት ላይ ጀመረ? «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ሰሌዳ ያለበትን ቦታ አይጻፉ፤ የመጨረሻው የታረሰ ማሳ ያለቀበትንና ከዚያ ወዲያ ቤት ያልተቋረጠበትን ቦታ ይጻፉ። ሁለቱ አይገጥሙም። ሲመለሱም ያንኑ ቦታ ይፈልጉት።

መጀመሪያው ቀን፦ ምንም አለመጎብኘት

ላምበረት ሲወርዱ ዕቃዎን ለመሸከም የሚሻሙ ልጆች ይከቡዎታል። ዋጋ ሳይነጋገሩ ሻንጣ አይልቀቁ፤ «የፈለጉትን ይሰጡኛል» የሚል ልጅ መጨረሻ ላይ የሚፈልገው እሱ ነው። ዝርዝር ብር አስቀድመው ለብቻ ኪስ ይያዙ፤ ታክሲ ውስጥ ትልቅ ብር ማውጣት ከረዳቱ ጋር ያጣላል፣ ለሌባም ኪስዎን ያሳያል። ከደብረ ብርሃን የለበሱት ካፖርት እኩለ ቀን ላይ ሸክም ስለሚሆን በላይ በላዩ የሚደረብ ቀጭን ልብስ ይሻላል። እንጦጦ ለመውጣት ካሰቡ ግን ጋቢውን አይተዉት፤ እዚያ ከደብረ ብርሃንም ከፍ ይላል።

የዚያን ቀን ሙዚየምም ሐውልትም አይሂዱ። መገናኛ ይውጡና ከታክሲ መያዣው ፈንጠር ብለው 15 ደቂቃ ይቁሙ፤ ቦርሳው ከፊት፣ ጀርባ ግድግዳ ላይ። የረዳቶቹን ጥሪ ብቻ ይስሙና እንደሚሰማ አድርገው ይጻፉት፤ ከሁሉ በላይ ከተማውን የሚያሳውቀው ይህ ነው። ረዳት ሕንፃ ለሕንፃ አይጠራም፤ የሚጠራው ሰፈር ነው፤ በሰፈር ስም ውስጥ ደግሞ የከተማው ዕድሜ ተቀምጧል። ለገሃር ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያቸውን ከጠሩበት ቃል የመጣ ነው። ፒያሳና መርካቶ የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያኖች ለሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ስም ተወልዶ በአማርኛ አፍ የተስተካከለ ነው። ሰባራ ባቡር በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ካስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ጋር የተያያዘ ስም ነው። ካዛንቺስና ዶሮ ማነቂያ አብዛኛው ቤታቸው በቅርቡ ፈርሷል፤ ስማቸው ግን ከሰው አፍ አልወረደም። ያልነበረ ሰው «የት ነው ያለው?» ብሎ ቢፈልግ የሚያገኘው ሰፊ አስፋልት ነው።

ስም ሲጠይቁ ሦስት ሰው ይጠይቁ፤ ተማሪ፣ ረዳትና ሽማግሌ። «እዚህ ማን ይባላል?» ብለው ይጀምሩ፤ «ለምን እንዲህ ተባለ?» የሚለው ይከተላል። ሽማግሌውን በሰላምታና በ«አባባ» ይቅረቡ፤ እንደ መርማሪ ደብተር ዘርግተው ከቆሙ ዝም ይልዎታል። ሦስቱም አንድ ነገር ካሉ ግራ ገጽ ላይ ይጻፉት። ከተለያዩ «እንዲህም እንዲያም ይላሉ» ብለው ሁለቱንም ያስቀምጡ፤ አንዱን መርጦ እውነት ማድረግ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ቀን፦ ባቡርና እግር

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር ሁለት መስመር፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ነው። በአያት የኮንዶሚኒየም ዳርቻ ተነስቶ፣ በሲኤምሲ፣ በመገናኛ፣ በኡራኤል፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አልፎ ልደታን ይሻገራል፤ አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር መሄድ ከተማው በምን ቅደም ተከተል እንዳደገ ወደ ኋላ ያሳያል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 እና ከአመሻሹ 11 እስከ 1 ሰዓት አይሳፈሩ፤ ግፊያው መስኮት ያስጠላል፣ ኪስም ይከፈታል። ከ4 ሰዓት በኋላ መስኮት ዳር ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ በእግር ነው፤ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ። ያለ ማቆም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ እያዩ ከሄዱ ግን ግማሽ ቀን ይይዙለት። ከምኒልክ ሐውልት ይጀምሩ፤ ጎኑ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም እዚያው ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ያለውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ከሰሜን ሸዋ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይገባውም፤ የፍቼ ሰው ናቸው፤ ጣሊያኖች በጥይት የገደሏቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት ያገኛሉ። አንዱ ለድል፣ አንዱ ለሐዘን ነው፤ ዙሪያቸው የቆመው ሰው ምን ሲሠራ እንደሆነ ይጻፉ፤ ታሪኩ በመጽሐፍ አለ።

በመካከል ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ብዙ ሰው ከድንቅነሽ ፊት ሁለት ደቂቃ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ይህች ፍጡር ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። በመዳፍዎ ከራስዎ አካል ላይ ይለኩት፤ ወገብዎን ብዙም አታልፍም። «በጣም ጥንታዊ» ከሚለው ቃል ያ ልኬት ይሻላል። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባን እንደ አሮጌ ከተማ የሚያስብ ሰው አይጠፋም፤ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃንን ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆራት ከዚያ 400 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።)

ፎቶ ሲያነሱ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ወታደር የቆመበት በር አይነካ። ጥበቃው ቢጠራዎ አይሩጡ፤ ቀርበው ስልኩን ያሳዩ፣ ያጥፉ ካለ ያጥፉ።

መርካቶን ከእሑድ ውጭ ይሂዱበት፤ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። ሁሉን ልይ ያለ ሰው ከመርካቶ የሚይዘው ራስ ምታት ብቻ ስለሆነ አንድ ተራ መርጠው አንድ ሰዓት ይቁሙ። ምናለሽ ተራ ጥሩ ነው፤ የተጣለ ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። አንድ ሠራተኛ ይምረጡና ከጥሬው ቆርቆሮ እስከ ተሸጠው ምድጃ ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ በምን ቆረጠው፣ በምን አጠፈው፣ ማን ተከራከረው፣ በስንት ጀምሮ በስንት ሸጠ። ከመቆምዎ በፊት ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ሥራ ካደናቀፉት ሻይ ይጋብዙት።

ሌላ ከተማ ላይ ሲሠሩበት

ሰዓቱ ብቻ ይለወጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሙቀቷ ለደጋ ሰው ይከብዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ባዶ መንገድ ይመዘግብና «ከተማዋ የተኛች ናት» ብሎ ይሳሳታል። ቆጠራው ማለዳና ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ውኃ አይለይዎት። ባቡር በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት የከዚራ ቀጥ ያለ ጥላማ ጎዳናና የመጋላ ጠባብ ገበያ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይለያያሉ፤ ሁለቱን ለየብቻ ይቁጠሯቸው። ደቻቱ ደረቅ ሆኖ ቢታይም በክረምት አሸዋው ላይ አይቀመጡ፤ ዝናቡ ላይኛው አገር ጥሎ ጎርፉ እርስዎ ባሉበት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ሲመለሱ

በተመለሱ በሁለት ቀን ውስጥ ይጻፉት፤ ከዚያ ካለፈ ሽታው ከማስታወሻዎ ይጠፋል። በደረሱበት ሰዓት አይጀምሩ፤ ከቤት ገጽዎ ጋር እጅግ ከተራራቀው ቁጥር ይጀምሩ። ሰላም ያለዎት ሰው ደብረ ብርሃን 11፣ መገናኛ ዜሮ ከሆነ፣ ጽሑፉ እዚያ ላይ ይከፈት። «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «ግርግር» የሚሉትን ቃላት በመጀመሪያው ረቂቅ ይከልክሉ፤ በቦታቸው የግራ ገጽ ቁጥር ይግባ። ሁለትና ሦስት ገጽ ይበቃል።

ከማሳየትዎ በፊት ከተማው ውስጥ ለሚኖር አንድ ዘመድ በስልክ ያንብቡለት፤ የሰፈር ስም የሚስተው እዚህ ነው። ከዚያ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እዚያው አስፋልት ዳር ሄደው 15 ደቂቃ እንደገና ይቁሙ። በመጀመሪያው ገጽ ያልነበረ፣ አሁን ግን የታየዎት ነገር ካለ፣ በደብተሩ መጨረሻ ቅጠል ላይ ይጻፉት፤ ኩበቱም ሸቶዎት እንደሆነ።