ከዱር የመጣች ኤሊ ከመቀበልዎ በፊት

ከቆላ የሚመለስ መንገደኛ ለልጆቹ ኤሊ ይዞ መግባቱ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የምትያዘው ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ ዥጉርጉር የሆነችው የቆላ ኤሊ ናት። የሚያመጧት ሰዎች ክፋት እንደማያስቡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ኤሊም ሆነች እስስት፣ አርጃኖም ሆነ እንቁራሪት፣ ከዱር ተነሥቶ የመጣን እንስሳ እሺ ብሎ ከመቀበል በፊት ከየት እንደመጣና በማን ፈቃድ እንደተያዘ መጠየቅ የተቀባዩ ግዴታ ነው።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ ያገኘው ሰው ሁሉ የግል ንብረቱ ሊያደርገው አይችልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትንና መነገድንም ይከለክላል። ስለዚህ «ሰው ሰጠኝ» ወይም «ከገበያ ገዛኋት» ማለት ፈቃድን አይተካም። ሕግ የሚሻሻል በመሆኑ፣ እንስሳዋን ከተቀበሉ በኋላ ሳይሆን አስቀድመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ወይም በክልልዎ የዱር እንስሳትን ጉዳይ የሚይዘውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ድንበር ማሻገር ከዚህ የከበደ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመውና ሳይተስ በመባል የሚታወቀው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የየብስ ኤሊዎችን በሙሉ፣ የአገራችንንም እስስቶች ጭምር ይመለከታል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ወደ አሜሪካ ለዘመድ ልጅ ኤሊ ለመላክ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ያች አገር ዥጉርጉሯን ኤሊ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ እንዳትገባ መከልከሏን ይወቅ፤ ምክንያቱም በቆዳዋ ላይ የሚጣበቀው መዥገር ኸርትዎተር የተባለውን የከብት በሽታ ሊያዛምት ይችላል። በእስራኤልም ቢሆን የመስክ ኤሊን አንሥቶ ቤት መውሰድ እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው።

ሕጉ ባይኖር እንኳ ሌላ ከባድ ምክንያት አለ። ይህች ኤሊ በዱር ለመራባት ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ከምትጥላቸው እንቁላሎች የሚፈለፈሉት ግልገሎች አብዛኞቹ ለአቅመ እርባታ ሳይደርሱ በአሞራና በአውሬ ይበላሉ፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ ያገኟት ትልቅ ኤሊ ከብዙዎች መካከል የተረፈችው፣ ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት እንቁላል ልትጥል የምትችለው አንዷ ናት። እርሷን ወስዶ በግቢ ውስጥ በፍቅር መቀለብ ለዚያ ቆላ የጎደለውን አይመልስም። ይህን ሳስብ «እዚህ ይሻላታል» የሚለው ማጽናኛ አይዋጥልኝም። እንቁራሪቶቻችን ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበችው የሐረና ደን ትንሿ እንቁራሪት ከባሌ ተራሮች ሌላ መኖሪያ የላትም፤ ከቦታ ቦታ በሚጓዙ እንቁራሪቶችና በገንዳቸው ውሃ የሚዛመተው የቆዳ ፈንገስም በዓለም ላይ ብዙ ዝርያዎችን አጥፍቷል።

በግቢ ያለው ኑሮም እንደሚታሰበው አይደለም። በልጅነቴ ጎረቤት የነበረች ኤሊ እንዳትጠፋ ተብሎ የቅርፊቷ ጠርዝ ተበስቶ በሽቦ ታስራ ነበር። ቅርፊት ነርቭና ደም ያለው ሕያው አጥንት መሆኑን ያኔ የነገረን አልነበረም። የአዲስ አበባ ሌሊት ለቆላ ኤሊ ብርድ ነው፤ ብርዱ የበላችውን እንዳትፈጭ ያደርጋታል፣ ለሳንባ በሽታም ያጋልጣታል። ምግቧ ሣርና ቅጠል ሲሆን፣ እንጀራና ዳቦ ግን ሰውነቷን ይጎዳሉ።

ሻጭ «እዚሁ የተፈለፈለች ናት» ቢልዎ እናቷን፣ የተፈለፈለችበትን ዓመትና የማርቢያ ፈቃዱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ለማደግ የሚፈጅባትን ጊዜ ካሰቡት፣ ብዙ ትልልቅ ኤሊዎችን በአንድ ጊዜ የሚያቀርብ ሰው ሁሉንም አርብቶ አምጥቷል ማለት አይታመንም። በእግሯና በቅርፊቷ መካከል የተጣበቀ መዥገር፣ በድንጋይ የተፋቀ ቅርፊትና የቆየ ጠባሳ ከዱር የመምጣቷ ምልክቶች ናቸው። ወረቀት ከሌለ አይግዙ፤ «አዝኜላት ነው» ብለው ቢገዙ ሻጩ በምትኳ ሌላ ለማምጣት ይሄዳል።

አስፋልት ስታቋርጥ ካገኟት፣ መኪና አለመምጣቱን አረጋግጠው በሁለት እጅ ሳያዘነብሏት ከመሬት ብዙ ሳያርቁ ያንሷትና ወደምትሄድበት አቅጣጫ ከመንገዱ ዳር ያድርሷት። ሲያነሷት አይንጧት፤ ስትደነግጥ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች፣ በበጋ ደግሞ ያ ውሃ ስንቋ ነው። ልጅዎ ዛሬ ወይም ትናንት ያመጣት ከሆነች ወደ ተነሣችበት ቦታ ራሱ ይመልሷት፤ «ቆላ እስከሆነ ድረስ» ተብሎ ሌላ ቦታ መጣል ግን አይገባም።

ለወራት ወይም ለዓመታት በግቢዎ የኖረች ኤሊ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ጤናማ መስላ የምትታይ ኤሊ በሽታ ተሸክማ የዱሮቹን ልትበክል ስለምትችል በራስዎ ውሳኔ አይልቀቋት። ወደ ባለሥልጣኑ ቀርበው መቼና ከየት እንደመጣች፣ ምን ስትበላ እንደኖረች፣ ከየትኞቹ እንስሳት ጋር እንደዋለች ጽፈው ያስረዱ። የመጣችበትን ቦታ ከደበቁ ተመልሳ ወደ ዱር የምትገባበትን ዕድል ያጠቡባታል። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በሽቦ ታስራ ከሆነ ይፍቷት፣ ሌሊት ከብርድ ያስጠጓት፣ ሣርና ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳሕን ያቅርቡላት። ነክተዋት ሲያበቁ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለችና ሳሕኗን በማዕድ ቤት አይጠቡ፣ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም አይንኳት።