ለጨለማ ትዕይንትና ለናይት ቪዥን ጌም የስክሪንን ቀለም እንዴት ማስተካከል ይቻላል

በጨለማ ትዕይንት ውስጥ ጠላቱን መለየት ያቃተው ተጫዋች ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነካው የቀለም ማስተካከያውን ነው፤ አረንጓዴውን ይጨምራል፣ ሰማያዊውን ይቀንሳል፣ አለበለዚያም ብራይትነሱን እስከ ጥግ ይለቀዋል። ውጤቱ ደግሞ የነጣ ጥቁርና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚቆጠቁጥ ዓይን ይሆናል። ቀለም ለውጥ እንደሚያመጣ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው የክፍሉ ብርሃን፣ የስክሪኑ ድምቀትና የጥቁሩ ደረጃ በቅድሚያ ከተስተካከሉ ብቻ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ባለው ቅደም ተከተል ቀለም የሚነካው ሌላው ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው።

ዓይን በጨለማ የሚሠራበት መንገድ

በሬቲና ላይ ብርሃንን የሚቀበሉ ሁለት ዋና ዋና የሕዋስ ዓይነቶች አሉ። ኮን የሚባሉት ቀለምንና ጥቃቅን ዝርዝርን የሚለዩ ሲሆኑ በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ሮድ የሚባሉት ግን ቀለም ባይለዩም እጅግ ደካማ ብርሃን ይበቃቸዋል። በቂ ብርሃን ባለበት ሁኔታ ዓይን ከሁሉም አብልጦ የሚቀበለው 555 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያለውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን አረንጓዴ ነው። ሮዶች ብቻቸውን በሚሠሩበት ድቅድቅ ጨለማ ግን ይህ ጫፍ ወደ 507 ናኖሜትር፣ ማለትም ወደ ሰማያዊ ወደሚጠጋ አረንጓዴ ይሸጋገራል። ክስተቱ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባስተዋለው በቼኩ ሳይንቲስት በያን ፑርኪንየ ስም ይጠራል፤ ሲመሻሽ ቀይ አበባ ጠቁሮ እያለ ቅጠሉ ፈካ ብሎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነስቶ ስክሪንን አረንጓዴ ለማድረግ መጣደፍ ግን ስሕተት ነው። ሮዶች ጨለማን በሚገባ እስኪለምዱ ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃሉ፤ የበራ ስክሪን ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ እዚያ ደረጃ ላይ አይደርስም። ወደዚያ ቢቃረብ እንኳ አንድ የፍንዳታ ብልጭታ ያገኘውን ሁሉ ያሳጣዋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ጌሙ ምንም ያህል ጨለማ ቢሆን በዋናነት የሚያየው በኮኖቹ ነው፤ ለእነርሱ ደግሞ ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ በጥቁሩና ከጥቁሩ ጥቂት ፈካ ባለው ነገር መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥባቸዋል።

አንደኛ፦ ክፍሉን ማዘጋጀት

ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ መጫወት ስሜት የሚሰጥ ቢሆንም ለዓይን ግን አይመችም። የዓይን ብሌን በጨለማው ምክንያት ይሰፋል፤ ስክሪኑ በድንገት ሲፈካ ይጠባል፤ ይህም በየደቂቃው ይመላለሳል። መፍትሔው ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ብቻ የሚያበራ፣ አምፖሉ ራሱ ለዓይን የማይታይ ደካማ መብራት ማስቀመጥ ነው። ድምቀቱ ከስክሪኑ ከፍተኛ ድምቀት አንድ አሥረኛ አካባቢ ቢሆንና ቀለሙ ለ6500 ኬልቪን (የነጭ ብርሃን ቀለም መለኪያ) የቀረበ ገለልተኛ ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ባለቀለም የጌጥ መብራት ብዙ ተጫዋች ይወደዋል፤ ሆኖም ዓይን የግድግዳውን ቀለም ስለሚላመድ ስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ የተቃራኒውን ቀለም ጥላ ይዞ ይታያል። ከተጫዋቹ ኋላ ያለ መብራት ደግሞ በስክሪኑ ላይ ስለሚያንጸባርቅና ጥቁሩን ስለሚሸፍን መጥፋት አለበት።

ሁለተኛ፦ የስክሪኑን ድምቀት ከክፍሉ ጋር ማመጣጠን

ባዶ ነጭ ገጽ በስክሪኑ ላይ ይክፈቱና ከጎኑ ነጭ ወረቀት ይያዙ። ገጹ ከወረቀቱ እጅግ በልጦ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ድምቀቱን ይቀንሱ፤ ግራጫ ከመሰለ ይጨምሩ። ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ከ80 እስከ 120 ኒት (የስክሪን ድምቀት መለኪያ) ያለው መጠን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ በ1999 የወጣው ኤስአርጂቢ የተባለው የስክሪን ቀለም መስፈርትም ለማጣቀሻ ስክሪኑ የያዘው 80 ኒት ነው።

ድምቀቱ ሲቀነስ ዓይን ይበልጥ የሚደክምበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ስክሪኖች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በፍጥነት እያጠፉና እያበሩ ስለሆነ ነው። የስልክ ካሜራ ወደ ስክሪኑ ሲዞር የሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ከታዩ ይህ ሊሆን ይችላል፤ መስመሮቹ እስኪደበዝዙ ድረስ የስክሪኑን ብራይትነስ ከፍ ማድረግና የክፍሉን መብራት በዚያው ልክ መጨመር ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ጥቁሩን ማስተካከል

ይህ ክፍል ጊዜ ሊወሰድበት ይገባል፤ በቀለም የሚሳበበው ችግር አብዛኛው የሚገኘው እዚህ ነውና።

በቅድሚያ በስክሪኑና በኮምፒዩተሩ ወይም በኮንሶሉ መካከል ያለው ስምምነት ይፈተሽ። በኤችዲኤምአይ የሚያልፈው ምስል ጥቁርን 0 ነጭን 255 ብሎ የሚቆጥር ሙሉ ክልል፣ ወይም ጥቁርን 16 ነጭን 235 ብሎ የሚቆጥር ውስን ክልል ሊሆን ይችላል። ላኪው ሙሉውን እየላከ ተቀባዩ ውስን ነው ብሎ ካነበበው ከ16 በታች ያለው ጥላ ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆንና በውስጡ የተደበቀ ጠላት በምንም ዓይነት ቀለም አይታይም። በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ጥቁሩ ግራጫ፣ ምስሉም ጭጋጋማ ይሆናል። ማስተካከያው አርጂቢ ሬንጅ ወይም ብላክ ሌቭል በሚል ስም ስለሚገኝ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ የስክሪኑን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። የተለመደው አይፒኤስ ስክሪን በነጭና በጥቁር መካከል 1000 ለ 1 አካባቢ ንጽጽር ስላለው በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫማ ሆኖ፣ ማዕዘኖቹም ፈካ ብለው ይታያሉ። ቪኤ 3000 ለ 1 እና ከዚያ በላይ ቢደርስም ጨለማ ቀለሞች ሲቀያየሩ ይዘገያል፤ ስለዚህ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር ጥላው እንደተቀባ ቀለም ይጎተታል። ኦኤልኢዲ እያንዳንዱን ፒክስል ለብቻው ማጥፋት ስለሚችል እውነተኛ ጥቁር ይሰጣል፤ ችግሩ ከጥቁር ቀጥለው ያሉት የመጀመሪያዎቹ የግራጫ ደረጃዎች አንዳንዴ አብረው መዋጣቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ጋማ፣ ማለትም በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ደረጃዎች ምን ያህል እንደሚፈኩ ወደሚወስነው ማስተካከያ ይሂዱ። የሞኒተሩ ጋማ 2.2 ላይ ይቀመጥና የቀረው ማስተካከያ በጌሙ ውስጥ ይከናወን። ለመፈተኛ የሚሆነው በጌሙ መጀመሪያ ላይ የሚቀርበው ደብዛዛ አርማ ብቻ አይደለም። የጨዋታውን ሂደት ያስቀምጡና ናይት ቪዥኑን (በጨለማ የሚያሳየውን የጌሙን መነጽር) አብርተው ወደ አንድ ጨለማ ኮሪደር ይግቡ፤ በግማሽ የተከፈተ በር፣ ከበሩ ጀርባ ብርሃን የሌለው ክፍል፣ ከመቃኑ አጠገብም የቆመ ሰው ያለበት ቦታ ይፈልጉ። የጌሙን የጋማ ተንሸራታች ከዝቅተኛው ቦታ ጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ። በመጀመሪያ መቃኑ ይለያል፤ ጥቂት ቆይቶ የሰውየው ትከሻ ከመቃኑ ተነጥሎ ይወጣል። እዚያ ላይ ያቁሙ። ከዚያ አልፎ የክፍሉ ጥግ ራሱ ግራጫ መሆን ከጀመረ ትከሻው ተመልሶ በግራጫው ውስጥ ይሰወራል፤ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከኋላው ያለው ጥቁር ነበርና።

ለጌም በተሠሩ ሞኒተሮች ላይ ጥላን ብቻ ለይተው የሚያነሱ፣ ብላክ ኢኳላይዘር ወይም ሻዶው ቡስት የመሰሉ ስሞች ያሏቸው ማስተካከያዎች አሉ። በውድድር ላይ ይረዳሉ፤ ነገር ግን ከመካከለኛው ደረጃ ሲያልፉ ምስሉ ጠፍጣፋ ይሆንና ርቀትን መገመት ያስቸግራል። በጌሙ ውስጥ ያሉት የፊልም ግሬይን (ነጠብጣብ የሚጨምር)፣ የቪኜት (የምስሉን ዳር የሚያጨልም) እና የክሮማቲክ አበሬሽን (በጠርዝ ላይ ቀለም የሚበትን) አማራጮች ደግሞ ያለ ማመንታት ይጥፉ፤ ደማቅ ነገሮችን በብርሃን ጭጋግ የሚከብበው የብሉም መጠንም ይቀነስ። ናይት ቪዥን በራሱ ነጠብጣብ የበዛበት ምስል ስለሆነ ሌላ ነጠብጣብ አያስፈልገውም።

አራተኛ፦ ቀለሙን መምረጥ

እውነተኛ የናይት ቪዥን መነጽር ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የቆየው በውስጡ ያለው ፎስፈር የተባለው ብርሃን ሰጪ ንጥረ ነገር በአረንጓዴው ክልል ስለሚያበራና ያም ክልል ዓይን አብልጦ ከሚቀበለው ጋር ስለሚገጥም ነው። በብዛት የተሠራበት ፒ43 የተባለው ፎስፈር ጫፉ 545 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ደግሞ ፒ45 የተባለውን ነጭ ፎስፈር ይጠቀማሉ። ጌሞችም ሁለቱንም ይኮርጃሉ።

በስክሪን ላይ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ስክሪን ነጭን የሚሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ደምሮ ነው፤ በኤስአርጂቢ ስሌት ከነጩ ድምቀት ውስጥ 71.5 በመቶው ከአረንጓዴ፣ 21.3 በመቶው ከቀይ፣ 7.2 በመቶው ብቻ ከሰማያዊ ይመጣል። እንግዲህ ንጹሕ አረንጓዴ ምስል ከነጩ 28 በመቶ ያህል ድምቀት ይጎድለዋል፤ ሰማያዊ ምስል ደግሞ ጨለማ ነው ማለት ይቻላል። ጌሙ የነጭ ፎስፈር አማራጭ ካለው ለዕይታ የተሻለው እርሱ ነው፤ ከሌለው አረንጓዴው ሁለተኛ ሆኖ ይከተላል። ከሁለቱም መካከል የሚገኘው ነጣ ያለ አረንጓዴ የብዙ ተጫዋቾች ምርጫ መሆኑም አያስገርምም።

አረንጓዴ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው። የዓይን ሌንስ የተለያየ ቀለም ያለውን ብርሃን በአንድ ቦታ ላይ አያሰባስብም፤ በሚታየው ብርሃን ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 2 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ይጠጋል። በመካከል የሚገኘው አረንጓዴ ያለ ብዙ ጥረት ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ሰማያዊ ጽሑፍ በጥቁር ላይ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ በዚያ ላይ የሬቲናው እምብርት ሰማያዊን የሚቀበሉ ኮኖች የሉትም። ቀይና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ደግሞ አንዱ ከሌላው ፊት የወጣ ስለሚመስል ዓይን ዕረፍት ያጣል፤ ስለዚህ የካርታ፣ የጥይት ቁጥርና የጤና ምልክቶች በእነዚህ ሁለት ቀለሞች እንዳይቀመጡ ያድርጉ።

ቀይ ስክሪንን የሚመክሩ ሰዎች ሐሳቡን የወሰዱት ከሥነ ፈለክ ተመልካቾችና ከመርከበኞች ነው። እነዚህ ሰዎች ደካማ ቀይ ብርሃን የሚጠቀሙት ሮዶች ለረጅሙ ቀይ ሞገድ ደንታ ስለሌላቸው፣ ካርታ አይተው ወዲያው ወደ ጨለማው ሰማይ ወይም ባሕር መመለስ ስለሚችሉ ነው። ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ የማያነሳ ተጫዋች ግን የሚጠበቅ የጨለማ ልምምድ የለውም፤ የሚያተርፈው 79 በመቶ ያህል የድምቀት ኪሳራ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ደማቅ ቀይ በተጨማሪ ብርሃን የሚቀሰቅሰው የሚጥል ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከሌላው ቀለም የባሰ አደገኛ ነው።

የጠላት ምልክትን ቀለም መምረጥ የሚቻልባቸው ጌሞች አሉ። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች መካከል ከ12ቱ አንዱ ያህል ቀይንና አረንጓዴን መለየት ያስቸግረዋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች በአረንጓዴ ምስል ላይ ያለ ቀይ ምልክት የለም ማለት ነው። በጥቁር መስመር የተከበበ ነጭ ምልክት ለሁሉም ይሠራል።

እነዚህ ምርጫዎች ሁሉ የሚፈጸሙት በጌሙ ውስጥ እንጂ በሞኒተሩ ማስተካከያ አይደለም። የሞኒተሩን ቀይና ሰማያዊ መቀነስ አረንጓዴ የሆነውን ምስል የበለጠ አያፈካውም፤ ይልቁንም ናይት ቪዥኑ ሲጠፋ የሚታየውን ሁሉ ያበላሻል። ሞኒተሩ 6500 ኬልቪን ላይ እንደቆመ ይተውት።

አምስተኛ፦ ሰማያዊ ብርሃንን በተመለከተ

ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ የሚያዞሩት እንደ ናይት ላይት ያሉ ማጣሪያዎች የሚያገለግሉት ለእንቅልፍ ነው። በሬቲና ውስጥ ሜላኖፕሲን የተባለ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ያላቸው ሕዋሳት 480 ናኖሜትር አካባቢ ላለው ሰማያዊ ብርሃን ምላሽ ሰጥተው የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን የሜላቶኒንን መመንጨት ያዘገያሉ። የዓይን ድካም ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ የአሜሪካ የዓይን ሕክምና አካዳሚ ለኮምፒዩተር ተብሎ የሚሸጠውን የሰማያዊ ብርሃን መነጽር አይመክርም፤ ምክንያቱም ምቾት የሚነሳው በአብዛኛው ስክሪን ላይ ሲያተኩሩ የዓይን መርገብገብ በመቀነሱና ዓይኑ በመድረቁ ነው።

በጌም ላይ ማጣሪያው ሌላ ጉዳትም አለው። የጌም ሠሪዎች የጨረቃን ብርሃን ብዙውን ጊዜ በሰማያዊ ስለሚስሉ፣ ማጣሪያው የሚያጠፋው ያለ ናይት ቪዥን ለሚያልፉት ሌሊት ቅርጽ የሚሰጠውን ብርሃን ራሱን ነው። በጨዋታ ጊዜ ማጣሪያውን አጥፍቶ ድምቀቱን መቀነስ፣ ከጨዋታ በኋላ ሌላ ነገር በስክሪኑ ላይ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ማጣሪያውን ማብራት የተሻለ ነው። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰኮንድ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር መመልከትና ሆን ብሎ ዓይንን ማርገብገብ ከማንኛውም የቀለም ለውጥ ይልቅ ይረዳል።

ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ምስል ከተመለከቱ በኋላ ነጭ ግድግዳ ሮዝማ መስሎ ቢታይ አያስደንግጥዎ፤ አረንጓዴን የሚቀበሉት ኮኖች ለጊዜው ስለደከሙ የሚፈጠር ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። በጨለማው ላይ ያሉ ደማቅ ነጥቦች ጨረር እየዘረጉ ወይም ድርብ ሆነው የሚታዩ ከሆነ ግን አንዱን ዓይን ሸፍነው በሌላው ይመልከቱ፤ ጨረሩ በአንድ ዓይን ብቻ የሚብስ ወይም ከስክሪን ርቀውም በመንገድ መብራት ላይ የሚታይ ከሆነ ምክንያቱ አስቲግማቲዝም (የዓይን ገጽ ጥምዝ እኩል አለመሆን) ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የስክሪን ማስተካከያ ሳይሆን የዓይን ምርመራ ነው።