ሲንቴቲክ ባዮሎጂ ላብ ለገባችሁ አዲሶች፦ የመጀመሪያዋን ፕላዝሚድ ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት

ባለፈው ሰሞን ሁለት ልጆች ኢንቦክስ አደረጉልኝ፣ ሁለቱም ውጭ ማስተርስ ጀምረው ሲንቴቲክ ባዮሎጂ ላብ የገቡ ናቸው፣ አይተዋወቁም ግን ጥያቄያቸው አንድ ነው። ትራንስፎርሜሽን ስሩ ተባልን፣ ፕሮቶኮሉን እንዳለ ተከተልን፣ በነጋታው ስናይ ፕሌቱ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ሳህን) ባዶ ነው፣ ምን አጠፋን? እኔም ለሁለቱም ያልኳቸው አንድ ነው፣ ኮንትሮል (ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳይ ማነጻጸሪያ ፕሌት) ሰርታችኋል? አልሰሩም። እና ለየብቻ ከምደጋግመው እዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ፕላዝሚድ ማለት ክብ የሆነች ትንሽ ዲኤንኤ ናት፣ የምትፈልጉት ጂን (ለምሳሌ አረንጓዴ የሚያበራው ጂኤፍፒ፣ መጀመሪያ ከጄሊፊሽ የተገኘው) እና አንቲባዮቲክ ለመቋቋም የሚያስችለው ጂን (ፕላዝሚዷ ያልገባችበት ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ ያለው ፕሌት ላይ እንዳይበቅል) አብረው ይቀመጡባታል። እሷን ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት ነው ትራንስፎርሜሽን የሚባለው። የላቡ ስራ ባብዛኛው በዚህ በር ነው የሚያልፈው፣ በ2000 የወጡት ሁለቱ ዝነኛ ሰርኪዩቶች (እርስ በርስ የሚቆጣጠሩ የጂን ስብስቦች) እንኳን፣ የኤሎዊትዝና የላይብለር ሪፕረሲሌተር እና የነጋርድነር ቶግል ስዊች፣ ፕላዝሚድ ላይ ተሰርተው ኢ. ኮላይ ውስጥ የገቡ ናቸው።

ስራው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። መጀመሪያ ፕላዝሚዷ የያዘችው የየትኛውን አንቲባዮቲክ ጂን እንደሆነ ማፑን (የትኛው ጂን የት እንዳለ የሚያሳየውን ስዕል) ከፍታችሁ እዩ። ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የክሎራምፌኒኮል ፕላዝሚድ አምፒሲሊን ፕሌት ላይ ዘርቶ ሶስት ቀን ሲያዝን የከረመ ሰው አውቃለሁ (እኔ ነኝ)። ኤልቢ አጋሩን (ፕሌቱ ላይ የሚረጋውን የባክቴሪያ ምግብ) በ121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ አድርጋችሁ (በእንፋሎት አምክናችሁ) ወዲያው አንቲባዮቲክ እንዳትጨምሩ፣ አምፒሲሊን ሙቀት አይችልም፣ ጠርሙሱ ወደ 50 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ባዶ እጃችሁን አስጠግታችሁ መያዝ ሲያስችላችሁ ማለት ነው። አምፒሲሊን በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ነው የሚፈለገው፣ ስለዚህ ስቶካችሁ (ቀድሞ የተዘጋጀው ወፍራሙ) 100 ሚሊግራም በሚሊሊትር ከሆነ ለ500 ሚሊሊትር አጋር 500 ማይክሮሊትር። ካናማይሲን 50፣ ክሎራምፌኒኮል 25 ላይ አብዛኛው ላብ ይስማማል። 500ው ሃያ ምናምን ፕሌት ይወጣዋል።

ፕሌቱ ላይ ስትጽፉ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ታች ላይ ጻፉ፣ ክዳን ይቀያየራል። ደግሞ ማርከሩን በአልኮል ሞክሩት፣ እኛ እጃችንንም ጠረጴዛውንም ቀኑን ሙሉ በ70% ኢታኖል ስለምንጠርግ ተራ ማርከር የሆነ እንደሆነ ስሙ በአንድ ጣት ይጠፋል፣ ከዛ ስድስት የሚመሳሰሉ ቲዩቦች ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ፕላዝሚዱ ከየት መጣ የሚለውም ለውጥ አለው። ከአይጀም (የተማሪዎች የሲንቴቲክ ባዮሎጂ ውድድር) ኪት ከሆነ ደርቆ ነው ያለው፣ 10 ማይክሮሊትር ውሃ ጨምራችሁ ትንሽ ማቆየት ነው። ከአድጂን (ፕላዝሚድ የሚያከፋፍል ድርጅት) የመጣ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ውስጥ እንዳለ አጋር ውስጥ ተወግቶ ነው የሚላከው፣ እሱን ትራንስፎርም ማድረግ የለባችሁም፣ ገብቶ አልቋል፣ በሉፕ (ጫፏ ቀለበት በሆነች ዘንግ) ነክታችሁ ፕሌት ላይ መሳብ ብቻ። አዲስ ሰው ሁሌ እዚህ ጋ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ቀኑ። ከሁሉ በፊት የበረዶ ባልዲ ሙሉ፣ ከዛ ነው ወደ ማይነስ 80 ፍሪዘር የሚኬደው። ኮምፒተንት ሴሎቹ (ዲኤንኤ እንዲቀበሉ የተዘጋጁት ባክቴሪያዎች፣ ዲኤች ፋይቭ አልፋ የሚባለው ዘር እንበል) ከፍሪዘር ቀጥታ በረዶ ላይ፣ ቲዩቡን በመዳፍ ጨብጦ ማሟሟት የለም፣ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ። እነዚህ ሴሎች በካልሲየም ክሎራይድ የታከሙ ናቸው፣ ነገሩ ማንዴልና ሂጋ በ1970 ካሳዩት ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው፣ ሲበዛ ስስ ናቸው፣ ሙቀትም መናወጥም አይወዱም። ስለዚህ ቮርቴክስ (የሚያናውጠው ማሽን) ክልክል፣ ፒፔት ከላይ ታች ማመላለስም ክልክል፣ በጣት ጠቅ ጠቅ ብቻ። 10 ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ይቀልጣል፣ ለ50 ማይክሮሊትር ሴል ከ1 እስከ 5 ማይክሮሊትር ዲኤንኤ ጨምሩ፣ ብዙ ዲኤንኤ ብዙ ኮሎኒ (ከአንድ ባክቴሪያ የተራባ ነጥብ) አይደለም። ከዛ 30 ደቂቃ በረዶ ላይ ተዉት። ቡና መጠጣት ይቻላል፣ ጓንቱንና ጋወኑን አውልቃችሁ ከላብ ውጭ እስከሆነ ድረስ፣ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ፕሌቶቹን 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጧቸው።

ሂት ሾኩ (ዲኤንኤው እንዲገባ ሴሉን ለአፍታ ማሞቁ) 42 ዲግሪ ነው፣ 30 ሰከንድም 45 ሰከንድም የሚሉ አሉ፣ ከሴሉ ጋር የመጣችውን ወረቀት እመኑ። ቲዩቡ የሚነከርበትን የውሃ ማሞቂያ ማሽን ስክሪን ግን አትመኑ። ቴርሞሜትር ራሱ ውሃው ውስጥ ክተቱ፣ ስክሪኑ 42 እያለ ውሃው 39 የሆነበት ቀን አይቻለሁ። ሂት ብሎክ ከሆነ ጉድጓዶቹ ውስጥ ጠብታ ውሃ አድርጉ፣ አለበለዚያ በአየር ነው የሚሞቀው። ስልክ ላይ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ተመልሶ በረዶ ላይ ሁለት ሶስት ደቂቃ። ከዛ 950 ማይክሮሊትር ኤስኦሲ (ሴሉ የሚያገግምበት ምግብ) ጨምሩና 37 ዲግሪ ላይ እየተነቃነቀ አንድ ሰዓት።

ይቺን አንድ ሰዓት ሰው ይዘላታል፣ በተለይ አርብ ማታ። በአምፒሲሊን ከሆነ አንዳንዴ ያስመልጣል፣ እሱ የሚያጠቃው የሴል ግድግዳ ግንባታን ስለሆነ። ካናማይሲንና ክሎራምፌኒኮል ግን ፕሮቲን መስራቱን ራሱን ነው የሚያስቆሙት፣ ባክቴሪያው መከላከያውን ቀድሞ ካልሰራ ከናካቴው መስራት አይችልም፣ ስለዚህ ሰዓቷን ስጡት። ከዛ 100 ማይክሮሊትር ፕሌት ላይ፣ የቀረውን ቀስ ብላችሁ ሴንትሪፊዩጅ አድርጋችሁ ሁለተኛ ፕሌት ላይ።

እና ኮንትሮሉ። ሶስት ተጨማሪ ፕሌት ነው በቃ፣ ሀያ ደቂቃ አይፈጅም። አንደኛው፣ ዲኤንኤ ያልገባበት ሴል አንቲባዮቲክ ያለው ፕሌት ላይ፣ ምንም መብቀል የለበትም፣ ከበቀለ አንቲባዮቲኩ ሞቷል ወይም ተረስቷል። ሁለተኛው፣ ያው ሴል አንቲባዮቲክ የሌለው ፕሌት ላይ፣ ምንጣፍ ሆኖ መብቀል አለበት፣ ካልበቀለ ሴሉን ገድላችሁታል። ሶስተኛው፣ መጠኑ የሚታወቅ ጤነኛ ፕላዝሚድ፣ ብዙ ላብ ፒዩሲ 19 ይጠቀማል (እሱ አምፒሲሊን ፕሌት ነው የሚፈልገው፣ ልብ በሉ)፣ እሱ በቅሎ የናንተው ባዶ ከሆነ ችግሩ ዲኤንኤያችሁ ወይም ፕሌታችሁ ነው እንጂ እጃችሁ አይደለም። እነዚህ ሳይኖሩ ባዶ ፕሌት አይቶ "ምን ይሆን" ማለት ያው ጥንቆላ ነው።

ሶስተኛው ፕሌት ሌላም ጥቅም አለው፣ የሴሉን ጉልበት ትለኩበታላችሁ። 1 ናኖግራም ፒዩሲ 19 አስገብታችሁ፣ ጠቅላላው 1000 ማይክሮሊትር ሆኖ 100ውን ዘርታችሁ 200 ኮሎኒ ቆጠራችሁ እንበል። ቲዩቡ ሙሉ 2000 ነው፣ ያ ለአንድ ናኖግራም ነው፣ ስለዚህ ለማይክሮግራም 2 ሚሊዮን። ተሰርታ ያለቀች ፕላዝሚድ ለማስገባት ይበቃል። በጊብሰን (የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ማገጣጠሚያ ዘዴ) አዲስ የገጣጠማችሁትን ለማስገባት ግን በዚህ ሴል አትልፉ፣ ጥሩ የሚባሉት 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ናቸው።

ፕሌቱ ተገልብጦ ነው 37 ዲግሪ የሚገባው፣ ላቦቱ ኮሎኒው ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ከ16 እስከ 18 ሰዓት። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። እንደመጣሁ ሰሞን በኛ 11 ሰዓት ማታ ፕሌት ከተትኩና ጠዋት ክላስ ስለነበረኝ ለላብ ጓደኛዬ ወረቀት ለጠፍኩለት፣ "3:00 ላይ አውጣልኝ" ብዬ። ጠዋት ሶስት ሰዓት ማለቴ ነው እኮ! እሱ በፈረንጁ ከሰዓት 3:00 ላይ አወጣው፣ 22 ሰዓት ቆየ። ስከፍተው ትልልቆቹን ኮሎኒዎች ከበው እንደ ጤፍ የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦች፣ እኔ ደግሞ ብዙ በቀለልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ሳተላይት ኮሎኒ ናቸው ለካ። አምፒሲሊንን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ ውጭ ያወጣል፣ ኢንዛይሙ ዙሪያውን ያለውን አምፒሲሊን ይሰባብረዋል፣ ከዛ ፕላዝሚድ የሌላቸው ጎረቤቶች በዛ ጥላ ስር ይበቅላሉ። ጥቃቅኖቹን አትልቀሙ፣ ፕሌቱንም አታስረዝሙት፣ ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ በሰው አገር አቆጣጠር ጻፉ።

ኮሎኒ ካገኛችሁ አንዱን በቲፕ ነክታችሁ 5 ሚሊሊትር ኤልቢ ከነአንቲባዮቲኩ ውስጥ አሳድሩት። በነጋታው ሚኒፕረፕ ከማድረጋችሁ (ፕላዝሚዱን ከባክቴሪያው ከማውጣታችሁ) በፊት 500 ማይክሮሊትሩን በእኩል መጠን 50% ግሊሰሮል ቀላቅላችሁ ማይነስ 80 አስቀምጡ። እናቴ ከሊጡ እርሾ ሳታስቀር ጋግራ አታውቅም፣ ግሊሰሮል ስቶክ ያው እሱ ነው፣ ሌላ ጊዜ ከዜሮ አትጀምሩም። ሚኒፕረፑን ደግሞ ሲኩዌንስ ሳታስደርጉ (የዲኤንኤውን ፊደላት፣ ቤዞቹን፣ ሳታስነብቡ) "ሰራልኝ" እንዳትሉ፣ በተለይ ራሳችሁ የገጣጠማችሁት ከሆነ፣ አንዲት ቤዝ ተቀይራ ወር ታስለፋለች።

የተረፈው ፈሳሽ በረኪና ይገባበታል፣ 10% ሆኖ ግማሽ ሰዓት፣ ከዛ ነው ሲንክ። ፕሌቱ ወደ ኦቶክሌቭ ከረጢት። በረኪና ያለበትን ነገር ግን ኦቶክሌቭ አታስገቡ፣ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው። ሴሉ በሽታ የማያመጣ የላብ ዘር ቢሆንም አንቲባዮቲክ የሚችል ጂን ተሸክሟል፣ ዝም ብሎ አይደፋም።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ባዶ ከሆነ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሁሉንም ፕሌት ጎን ለጎን ደርድራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ታች የተጻፈው እንዲነበብ። አንዱን ባዶ ፕሌት ብቻ ለላከልኝ አልመልስም።