የድሮ ቱርቦ ላንድክሩዘር ስትገዙ ሀረጎ ላይ የሚወጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

80 የሚባለውን ሞዴል ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ) ናፍታ ላንድክሩዘር ለመግዛት የምታስቡ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች፣ በናታችሁ መኪናውን ፒያሳ ላይ አንድ ዙር ነድታችሁ ቀብድ እንዳትሰጡ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮምቦልቻ ድረሱና በሀረጎ ዳገት ወደ ደሴ አውጡት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ ዳገቱም አለ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል፣ ስለዚ ደህናውና የደከመው ቱርቦ እዛ ላይ ነው የሚለዩት። ሻጩ ወይ ደላላው ቀድሞ አስነስቶ ከጠበቃችሁ (ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ታውቃላችሁ) ሌላ ቀን እንመጣለን በሉ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚታይ ጭስ አለ።

መጀመሪያ ግን ቱርቦው ከፋብሪካ ነው ወይ? ኮፈን ስር ያለውን የሞዴል ፕሌት አንብቡ። ኤችዲጄ 80 ካለ ሞተሩ 1ኤችዲ ነው፣ ከነቱርቦው የተሰራ። ኤችዜድጄ 80 ካለ ግን ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፣ እሱ ቱርቦ የለውም፣ ካያችሁበት ሰው ነው የገጠመለት። ሁለቱም 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ስለሆኑ ከላይ ሲያዩት ይመሳሰላሉ። የተገጠመለት ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን የናፍታ ፖምፓው አብሮ ናፍታ እንዲያበዛ ተደርጎ ከሆነ ፒስተኑ ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ኖሯል ማለት ነው፣ በቱርቦ ዋጋ አትግዙት።

ዳገቱ ላይ አይስብም፣ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ናፍታው አለ አየሩ ነው የጎደለው። አየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩ፣ ከዛ ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደውን ማኒኮቶ (የላስቲክ ቱቦ) በጣታችሁ ዳብሱት፣ ከስር በኩል ዘይት የያዘ ጥላሸት ካገኛችሁ አየሩ እዛ ጋ ነው የሚያመልጠው። አንድ ሰው ነዳጅ ይርገጥ እናንተ የሳሙና ውሃ አፍስሱበት፣ አረፋ ይሰራል። ማሰሪያውን ማጥበቅ ወይ ማኒኮቶውን መቀየር ነው፣ አለቀ።

አይስብም ግን ጭስም የለውም። ይሄ ሌላ ነው፣ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ቱርቦ የቀየረው በዚ ምክንያት ነው። ከቱርቦው ግፊት ወስዳ ናፍታ ፖምፓው አናት ላይ የምትገባ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለች፣ ፖምፓው ናፍታ የሚጨምረው በሷ ግፊት ሲደርሰው ነው። በእድሜ ደርቃ ከተሰነጠቀች ቱርቦው እየሰራም ፖምፓው አያውቅም። ጫፏን አጠፍ አድርጋችሁ እዩ፣ ስንጥቁ ሲታጠፍ ነው የሚታየው። ቱቦዋ ደህና ሆና ችግሩ ካለ ፖምፓው ውስጥ ያለችው ዲያፍራም (ስስ ላስቲክ) ተቀድዳ ይሆናል፣ እሱን የፖምፓ ባለሙያ ይክፈተው።

ሰማያዊ ጭስ። ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥያቄው ከየት ነው። አስር ደቂቃ ያህል ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ትታችሁ ድንገት ስትረግጡት ቡልቅ ብሎ ቶሎ ከጠፋ የቱርቦ ሲል ወይ የባልቦላ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግዱት) ጠርጥሩ። ዳገቱን ሙሉ ካልተለያችሁ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ያ ሞተር ማውረድ ነው። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ አስቀምጡት፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ጥሩ፣ እየዘለለ ከወደቀ ከስር የሚገፋው ጋዝ በዝቷል። አንድ ነገር ግን አለ፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖም ዘይት በቱርቦው በኩል እንዲወጣ ያደርጋል፣ እሱን ማጽዳት ምንም አያስወጣም ስለዚ ቱርቦ ከማስፈታታችሁ በፊት እሱን እዩ።

የሳይረን አይነት ጩኸት ወይ ብረት ለብረት የሚፋተግ ድምጽ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፍቱና የቱርቦውን ምላስ (የሚሽከረከረውን) በሁለት ጣት ያዙት። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ኖርማል ነው፣ በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተነቃነቀ ወይ ምላሱ ግድግዳውን ከጫረ ሞቷል። ምላሱ ጫፍ ጫፉ ከተበላ ደግሞ ያለ ማጣሪያ አቧራ ሲጠጣ ነበር ማለት ነው፣ ያ አቧራ ሲሊንደር ውስጥም ገብቷል። ቱርቦ በራሱ አይሞትም፣ ዘይት ተደፍኖበት ወይ አቧራ ገብቶበት ነው፣ የገደለውን ሳታገኙ አዲስ ብትገጥሙ እሱም ይሞታል። የዘይት ማስገቢያና መመለሻ መስመሩን አብራችሁ አጽዱ፣ ደሴ እንደደረሳችሁም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ይቆይ፣ አለዚያ ዘይቱ እዛው ተቃጥሎ ይደርቃል።

ውሃ ይጎድለዋል፣ ዳገት ላይ ይሞቃል። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፣ ስለዚ የላላ ክዳን ብቻውን ውሃ ያስፈላል። ከክዳኑ ጀምሩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱ አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ ግን የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ወይ የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ የዘይት ክዳኑ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ወተት ከመሰለ ነው የሚያስፈራው።

ከስር ኳ ኳ የሚል ድምጽ፣ በተለይ ከሞቀ በኋላ። 1ኤችዲ ቲ የሚባለው፣ በፈረንጆቹ እስከ 1995 አካባቢ የተሰራው ባለ 12 ባልቦላ፣ የቢየላ ብሮንዚናው (የፒስተኑ ክንድ የሚዞርበት ስስ ብረት) ቀድሞ በማለቅ ይታወቃል። ድምጽ ባይኖርም ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተቀየረ ኮፓው (ከስር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ ይቀየር፣ በጊዜው ከተያዘ ሞተሩ አይወርድም። ማንኳኳት ከጀመረ ግን ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ጎድቶት ሊሆን ስለሚችል ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ።

የታይሚንግ ቺንጊያው (ባልቦላና ፒስተን ተናበው እንዲሄዱ የሚያደርገው ቀበቶ) በ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል፣ መቀየሩን የሚያሳይ ነገር ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩትና የሱን ሂሳብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፣ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ።