ጌም ማሽኑ መሀል ላይ እየጠፋ ካስቸገራችሁ

ድሬ ላይ የድሮ የጌም ማሽን ያላችሁ፣ ጨዋታ መሀል ሪስታርት እያደረገ ካስቸገራችሁ ቦርዱ (ጨዋታውን የሚያስኬደው ሰርኪት) ተቃጠለ ብላችሁ እንዳትጥሉት። አደራ! መጀመሪያ ከፓወር ሰፕላዩ (ለቦርዱ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ክፍል) ወደ ቦርዱ የሚሄደውን 5 ቮልት በቴስተር ለኩ። ግን ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ራሱ ላይ ለኩት፣ ምክንያቱም ፓወሩ ጋ 5 የሚያሳየው ቦርዱ ጋ ሲደርስ 4.7 ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቦርዱ አይረጋም። ልዩነቱ ይህን ያህል ከሰፋ ገመዶቹን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ኮኔክተር ጠርጥሩ። በኛ አቧራና ሙቀት ቶሎ ይቆሽሻል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ኮኔክተሩ ውስጥ የሚገቡትን የቦርዱን ጥርሶች በአልኮል ጥረጉና መልሳችሁ ለኩ። ፊውዝ ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ተኩት፣ በሽቦ ማገናኘት እሳት ያስነሳል። የድሮው ባለ ቱቦ ስክሪን ጀርባ ግን ማሽኑ ተነቅሎም ከባድ ቮልቴጅ ይዞ ስለሚቆይ፣ እሱን ለሚያውቅ የቲቪ ጠጋኝ ተዉለት።