ወፍ አደን ሳትወጡ ዓይናችሁን ፈትኑ

አሜሪካ ሆናችሁ ዘንድሮ ወፍ አደን ልትሞክሩ ያሰባችሁ፣ በብዙ ስቴቶች ሴፕቴምበር 1 የዋኖስ አደን ከመከፈቱ በፊት ሁለት ሦስት ቅዳሜ ወደ ሸክላ ዒላማ ተኩስ (በአየር ላይ የሚወነጨፍ የሸክላ ሳህን መምታት) ሂዱ። ከዚሁ ተኩስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ስኪት የሚባለው ጨዋታ ራሱ በ1920ዎቹ የተጀመረው ለወፍ አዳኞች መለማመጃ ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ግን ስታነጣጥሩ የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራ እወቁ። ሁለቱንም ዓይን ገልጣችሁ ራቅ ያለ ነገር ላይ ጣታችሁን ቀስሩና ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጣታችሁ ከዒላማው ካልወጣ የሚመራው ቀኙ ነው፤ ወደ ጎን ዘለል ካለ ግራው ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚመራው ሰው የመነጽሩ ግራ መስታወት ላይ ትንሽ ፕላስተር ይለጥፍ፣ ወይም በግራ ትከሻው መተኮስ ይልመድ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ካርቶን ጥይት ጨረስኩ!

ከዚያ ሸክላው ላይ ሳይሆን ፊት ፊቱን ተኩሱ፤ ቃታ ስትስቡም ጠመንጃው አይቁም። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ከኋላ ነው። የጆሮ መከላከያ ለልምምድም ቢሆን አይቀርም።

ዋኖስና ዳክዬ ስታድኑ ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ መያዝ የለበትም። ለዳክዬ ደግሞ የእርሳስ ጥይት ከ1991 ጀምሮ ክልክል ነው፤ የብረቱን ግዙ።